ሰባቱ ጥቁር አሳማዎች

ሲያትል ከገባሁ ጀምሮ ሥራዬን ለጠየቀኝ ሁሉ «የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ለጊዜው ግን መኪና እነዳለሁ» እላለሁ። «ለጊዜው» ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ዲቪ ደርሶኝ ከባለቤቴ ጋር ስመጣ ዲግሪዬን በፕላስቲክ ሸፍኜ፣ እንዳይታጠፍ እቅፌ ውስጥ ይዤ ነበር። እዚህ ግን የውጭ አገር ሐኪሞች የሚፈተኑትን ፈተና እስክጨርስ ድረስ የጎረቤት ድመት እንኳ ማከም አልችልም። ያለ ፈቃድ ሳክም ብገኝ ደግሞ ፈቃዱን ጭራሽ ላጣው እችላለሁ። ስለዚህ የሬድመንድና የቤልቪው ኮምፒውተር ሠራተኞችን ኤርፖርት አደርሳለሁ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ መኪናዋን ጥግ አስይዤ አጠናለሁ።

ይህን የምጽፈው ስለ አንድ ሽማግሌና ስለ ሰባት አሳማዎች ነው። ባለቤቴ «ደሞ ይሄን ምን ብለህ ትጽፈዋለህ?» ብላኛለች። እውነቷን ነው፤ የሚያኮራ ነገር የለውም። ግን በአራት ቀን ውስጥ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ያየሁበት ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ ልተወው አልቻልኩም።

ሽማግሌውን ጋሼ ነው የምላቸው። እዚህ አገር የመጡት እኔ ሳልወለድ ነው። ያገቡት አሜሪካዊት ነበረች፤ የተዋወቅነውም እሷ ታማ ሆስፒታል ስትመላለስ ነው። አንድ ቀን ከካፒቶል ሂል አሳፈርኳቸው። እሷ መስኮቱን ተደግፋ ተኝታለች፣ እሳቸው በስልክ በአማርኛ ያወራሉ። ሲጨርሱ በመስታወት እያየሁ «እግዜር ይማርልዎት» ስላቸው ደንግጠው ሳቁ። ከዚያ በኋላ እኔን ብቻ ነበር የሚጠሩት። ሐኪም መሆኔን ሲሰሙ ለባለቤታቸው በእንግሊዝኛ ነገሯትና እሷ በዚያ ድካሟ ቀና ብላ «አሳማ ታክማለህ?» አለችኝ። «አዎ፣ ሁሉንም» አልኳት።

አሳማ ነበራት። ከሬድመንድ አልፎ ሸለቆው ውስጥ ባለ ትንሽ እርሻ ላይ ጥቁር አሳማዎች ታረባ ነበር፤ ጆሯቸው ዓይናቸው ላይ የሚወድቅ፣ ረጋ ያለ ዝርያ ነው። አንደኛዋ፣ የሁሉም እናት፣ እናቷ ስትወልዳት ሞታባት ሴትየዋ በጡጦ ያሳደገቻት ናት። ሴትየዋ ስትሞት ጋሼ አሳማዎቹን ይሸጣሉ ብሎ ያልጠበቀ ሰው አልነበረም። አልሸጡም። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ልብሳቸውን መኪና ውስጥ ቀይረው፣ እጃቸውን በሎሚ ሳሙና አሽተው ነው። ያም ሆኖ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነው የሚቆሙት። ሰዉ ያውቃል። አንዳንዱ «አሳማ አርቢው» ይላቸዋል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሳቸው ግን እንዲሰሙ አድርጎ።

እኔ እንደዚያ ብዬ አላውቅም። እንዲያውም እነዚያን ሰዎች እንቃቸው ነበር። የተማርኩ ሰው ነኛ!

አሁን እውነቱን ልናገር። አገር ቤት ስማር የአሳማ ልምምድ ነበረን። ተራ በተራ ገብተን መያዝ፣ መዳሰስ፣ መውጋት ነበረብን። የእኔ ተራ የደረሰው በዐቢይ ጾም ነው። አንድ ፕሮቴስታንት ጓደኛዬን ጠራሁና «ያንተን የአህያ ተራ እሠራልሃለሁ፣ አሳማውን ውሰድልኝ» አልኩት። እሺ አለ። በክፍላችን እንዲህ የተለዋወጥን ብዙ ነበርን፤ ማንም እንደ ነውር አላየውም። ፈተናው በጽሑፍ ስለነበር ከሁሉም ትምህርት ከፍተኛ ነጥብ ያመጣሁት በአሳማ በሽታዎች ነው። አንድም አሳማ ሳልነካ ተመረቅሁ።

አትንካ ያለኝ ካህን የለም። የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው ምናልባት «ሥራህ ከሆነ ሠርተህ ታጠብ» ይሉኝ ይሆናል። አልጠየቅኋቸውም። ከሃይማኖት ይልቅ ከልጅነት ጀምሮ ሰውነቴ ውስጥ የገባ ነገር ነው፤ ገና ሳስበው ቆዳዬን ይሰቀጥጠኛል።

ባለፈው የጾም ወቅት፣ አንድ ዓርብ ጠዋት ጋሼ ደወሉ።

«ልጄ፣ ቢዚ ነህ? አንዱ ወጣቱ አሳማ ሞቶ አገኘሁት። ትናንት ደህና ነበር። እናቲቱም አልበላም ብላለች፣ አትነሳም። የአካባቢውን ቬት ኮል አድርጌ ነበር፤ እስከ ረቡዕ አልመጣም አለኝ።»

«ሌላ ሐኪም ይፈልጉ ጋሼ፤ እኔ እኮ ፈቃድ የለኝም» ማለት ነበረብኝ። «መጣሁ» አልኩ።

ዝናቡ ካፊያ ነበር። ጋሼ ቦቲ ጫማና ጓንት አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ሁለቱንም አደረግሁ። ከዚያ አጥሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። እናቲቱ ጭድ ላይ ተጋድማ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። አጠገቧ ሌላ አንዲት ቆማ ጀርባዋን ቀስት አድርጋለች፤ ለመራመድ ስትሞክር እግሯ ይተሳሰርባታል። የሞተው ውጭ፣ ሸራ ላይ ተዘርግቷል። ሙሉ በሙሉ ጥቁር ነው፤ አንድ የኋላ እግሩ ላይ ብቻ መዳፍ የምታክል ነጭ ቦታ አለችው። ያቺ ነጭ ቦታ ወይን ጠጅ ሆናለች።

የተማርኩበት መጽሐፍ ገጹን ገልጦ ፊቴ የቆመ መሰለኝ። ከፍተኛ ትኩሳት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ የኋላ እግር መድከም፣ የቆዳ መጥቆር፣ ድንገተኛ ሞት።

«ቴርሞሜትር አለ?» አልኩ። ነበረ። ጋሼ ጭቃው ላይ ተንበርክከው አስገቡት፣ እኔ በአጥሩ ላይ ተንጠራርቼ ቁጥሩን አነበብኩ። በዚህ አገር መለኪያ መቶ ሰባት ይላል፤ ጤነኛ አሳማ መቶ ሁለት ገደማ ነው።

«ምን ይበላሉ?»

«መኖ ነው። አልፎ አልፎ ካፒቶል ሂል ካለ ሬስቶራንት የአትክልት ልጣጭ አመጣላቸዋለሁ።»

«ሥጋ አይቀላቀልበትም?»

አሰቡ። «እንጃ። በባልዲ ነው የሚሰጡኝ፤ ለቅሜ ነው የምሰጣቸው። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም እንግዲህ።»

ይኸው ተገኘ አልኩ በሆዴ። ከውጭ የገባ፣ በደንብ ያልበሰለ የአሳማ ሥጋ ቁራጭ በሽታውን ከአህጉር አህጉር እንደሚያሻግር አንብቤያለሁ። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝ ሐዘን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ደስም ብሎኛል። አሜሪካኖቹ ሐኪሞች በዕድሜያቸው ያላዩትን በሽታ እኔ፣ መኪና ነጂው፣ በአጥር ላይ ሆኜ ለየሁት። ማን እንደሚሰማ፣ ምን እንደሚሉኝ ሁሉ በዚያች ደቂቃ አሰብኩ።

ጋሼ ወደ ቤት ገብተው አንድ ጠርሙስ ይዘው ተመለሱ። ፔኒሲሊን ነው። ባለቤታቸው በሐኪም ትእዛዝ አስገዝታ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጠችው ነበር፤ ጊዜው አላለፈበትም።

«ይሄን ልውጋት? እሷ ሲያማቸው ይሄንን ነበር የምትሰጣቸው።»

«አይሆንም ጋሼ። ይሄ የአሳማ ትኩሳት የሚባለው ነው፤ ቫይረስ ነው። ፔኒሲሊን አይነካውም፤ እሷን ማሠቃየት ነው የሚሆነው።»

ጠርሙሱን እንደያዙ ቆሙ። «ዳሰስካት? ባለቤቴ መጀመሪያ እጇን ነበር የምታስቀድም። ጠዋት ጠዋት ሁሉንም ከአንገት እስከ ጭራ ትዳብሳቸው ነበር።»

«አዎ፣ እርስዎ ሲገቡ ዳሰስኳት» አልኩ። «ምንም የለም።»

እንዴት እንደዚያ በቀላሉ ከአፌ እንደወጣ እስካሁን ይገርመኛል። ምራቄን እንኳ አልዋጥኩም።

ከዚያ በሽታው ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። አሜሪካ ከዚህ በሽታ ከጸዳች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ሰው አይነካም፤ አሳማና የዱር አሳማ ግን ይጨርሳል፣ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው በጫማ፣ በጎማ፣ በባልዲ ይሄዳል። መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ከተጠረጠረ ወዲያው ለመንግሥት ይነገራል፤ ከተረጋገጠ የታመመውም ጤነኛውም ይገደላል፤ አካባቢው ይዘጋል። ይህን ሁሉ ሰተት አድርጌ ነገርኳቸው። አንድም ስህተት አልነበረበትም፤ ለፈተና ቢሆን ሙሉ ነጥብ ነው።

ጋሼ የሰሙት አንዱን ብቻ ነው። «ሶ… ሁሉንም ይገድሏቸዋል?»

«ሁሉንም።»

«እኔ ነኝ ያመጣሁባቸው? በልጣጩ?»

ዝም አልኩ። «አይደለም» ማለት ይቻል ነበር፤ «ገና አልታወቀም» ማለት ይቻል ነበር። ዝም ማለቴ ከመናገር ይብሳል፤ ፊታቸው ሲወድቅ እያየሁ ነው ዝም ያልኩት።

«እስከ ሰኞ ጠብቅልኝ» አሉ። «ሰኞ እኔው ራሴ ሪፖርት አደርጋለሁ። የሚሞቱ ከሆነ እዚሁ፣ እኔ አጠገባቸው ሆኜ ይሙቱ። ኦኬ? ልጄ፣ ለምኜህ አላውቅም።»

እንደ ሐኪም «አይሆንም፣ አሁኑኑ» ማለት ነበረብኝ። ጥርጣሬዬ እውነት ቢሆን ኖሮ እስከ ሰኞ ሸለቆው በሙሉ ሊያዝ ይችል ነበር። ግን ዛሬ ከተደወለ «ማን አየው?» ይባላል። ስሜ ይጻፋል። ፈተናው ሁለት ወር ቀርቶታል። «እሺ ጋሼ፣ እስከ ሰኞ» አልኩ፤ እሳቸውም ላዘንኩላቸው አመሰገኑኝ። እጃቸውን ሊሰጡኝ ሲሉ እጃቸው ጭቃና የአሳማ ፀጉር መሆኑን አዩና መልሰው ሰበሰቡት።

ማታ እራት ላይ ባለቤቴ ሽሮውን እያቀረበች «አሳማ ነክተህ ነው የመጣኸው?» አለችኝ።

«አልነካሁም።»

«ተመስገን» አለች። እኔም ተመስገን አልኩ። በአንድ ቀን ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ሰጥቼ፣ እውነቱን የተናገርኩት ምንም ለማይጠቅመው ሰው ነው።

ቅዳሜ አንድ ሞተ። ጋሼ ደውለው የነገሩኝ በሁለት ቃል ነው። እሁድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ወደ በሩ ዞር ዞር እያልኩ ፈለግኳቸው፤ አልመጡም። ጫማዬን አውልቄ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ እጆቼ ንጹሕ ሆነው ቆሜያለሁ። ስወጣ ስልኬን ከፈትኩ። ሌላ ሞቷል። ሦስት ሆኑ። «እናቲቱ ግን አለች» ይላል መልእክታቸው። «ውሃ በጡጦ እየሰጠኋት ነው።»

እዚያው መኪና ማቆሚያው ላይ ሆኜ ሆድ ባሰኝ። ያለቀስኩት ግን ለእሳቸው ነው ወይስ ለራሴ፣ ለይቼ መናገር አልችልም።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ራሳቸው ደወሉ፤ ከቀትር በፊት የግዛቱ መንግሥት የላካት ሐኪም መጣች። እኔም ሄድኩ። ምን ልሠራ እንደሄድኩ አላውቅም። ምናልባት ጥይት ሲተኮስ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ነው፤ ምናልባትም «ልክ ነህ» ስትለኝ ለመስማት ነው። ሁለተኛው ይመስለኛል።

ሴትየዋ ሃምሳ ዓመት ገደማ ናት፤ አጭር፣ ወፍራም፣ የማትቸኩል። በሩ ላይ ነጭ የፕላስቲክ ልብስ ለበሰች፣ ጫማዋን በመድኃኒት ውሃ አጠበች፣ ጓንት አደረገች። ጋሼ የሆነውን በእንግሊዝኛ ሲነግሯት ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። መጀመሪያ የሞተው አሳማ እግር ላይ ያለችውን ነጭ ቦታ አየች፤ «ያስፈራል፤ መደወልዎ ትክክል ነው» አለች። እኔ ውስጤ ቀና አለ።

ከዚያ ገብታ እናቲቱ አጠገብ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። መዳፏን አንገቷ ላይ አሳረፈች። እያነጋገረቻት፣ ቀስ እያለች ወደ ትከሻ፣ ወደ ጀርባ፣ ወደ ጎን ወሰደችው። ጎኗ ላይ ቆመች። መለስ አለች። እንደገና ሄደች። በሌላኛው እጇ ጣት የሆነ ነገር ዙሪያውን እየተከተለች እንደመሳል አደረገች።

«እስቲ እጅዎን ይስጡኝ» አለቻቸው ጋሼን። መዳፋቸውን ይዛ እዚያው ቦታ ላይ አስቀመጠችው። «ይሰማዎታል? ከፍ ያለ፣ ባለ አራት ማዕዘን ነው። እዚህም አለ። እዚህም። አሳማዎቹ ነጭ ቢሆኑ ቀይ ሆኖ ከሩቅ ይታይ ነበር። ጥቁር ላይ ዓይን አያየውም፤ እጅ ነው የሚያገኘው።»

የበሽታውን ስም ተናገረች። ኤሪሲፔላስ። መጽሐፉ ላይ ከአሳማ ትኩሳት ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ነው፤ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ አፈር ውስጥ የሚኖር፣ ከልጣጭ ጋር ምንም የማያገናኘው። በክትባት ይከላከሉታል። የጋሼ ባለቤት በዓመት ሁለት ጊዜ ታስከትባቸው ነበር፤ እሳቸው ይህን አያውቁም ነበርና ከሞተች ወዲህ አልተከተቡም። ሐኪሟ የመንግሥት ደንብ ስለሆነ ለአሳማ ትኩሳትም ደምና ናሙና ወሰደች፤ በኋላ ከላቦራቶሪ የመጣው መልስ «በሽታው የለም» የሚል ነው። መልሱን ግን አልጠበቀችም። «ሕክምናው አሁን ይጀመራል» አለች። «ፔኒሲሊን በጊዜ ካገኙ በአንድ ቀን ውስጥ ተነስተው ይበላሉ።»

ጋሼ እጃቸውን ከአሳማዋ ጎን አላነሱም። ጣታቸው ባለ አራት ማዕዘኑን ይዞራል፣ ይዞራል። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። አጥሩ ማዶ ነበርኩ። ዓርብ የቆምኩበት ቦታ ላይ፣ ዓርብ የለበስኩትን ጓንት እንዳጠለቅኩ። ሁሉም ነገር ገባቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡ በወደድኩ። ሲያዩኝ የነበረው ልክ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲቆሙ ሰዉን እንደሚያዩት ነው።

እናቲቱ በማግስቱ ሞተች። ሦስቱ ዳኑ፤ ሐኪሟ እንዳለችውም በአንድ ቀን ተነስተው በሉ። ጋሼ አሁንም ስልኬን ያነሳሉ። «ደህና ነህ? ባለቤትህ ደህና ናት?» ይላሉ፤ ስለ አሳማ አያነሱም። ቤተ ክርስቲያን መምጣት ትተዋል። እኔ ፈተናውን አልፌያለሁ። ወረቀቱ መጥቷል። ለባለቤቴ ድግስ አያስፈልግም አልኳት፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ግን የዚያን ዕለት የሆነውን ልጨርስ። ሴትየዋ ወደ መኪናዋ መድኃኒት ልታመጣ ስትል ጋሼ «አለኝ» አሉና ቤት ገብተው ያንን ጠርሙስ አመጡት። ተቀብላ ገለበጠችው፣ ቀኑን አነበበች፣ አየቻቸው።

«ይሄ እቤትዎ ነበር? ከዓርብ ጀምሮ?»

«ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልወጓቸውም?» የተናገረችው በቁጣ አይደለም፤ ነገሩ ስላልገባት ነው።

«ሽማግሌ ነኝ» አሉ ጋሼ። «ፈራሁ።»

«ያማከሩት ሰው አልነበረም? ማንም መጥቶ አላየልዎትም?»

«ማንም።»

ሴትየዋ ዞር ብላ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ጓንቴን አየች፤ ጭቃ ያልነካውን ቦቲ ጫማዬን አየች። «እሱስ?»

አፌን ከፈትኩ። እምላለሁ፣ ልናገር ነበር። «እኔ ነኝ» የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ጋሼ ግን ቀደሙኝ።

«የእህቴ ልጅ ነው» አሏት። «መኪና ነው የሚነዳው። ስለ እንስሳ የሚያውቀው ነገር የለም።»

ለእኔ ብለው ነው ያሉት። ፈተናዬ እንደደረሰ ያውቃሉ፤ ስንት ዓመት እንደጠበቅኩ ያውቃሉ። ሲናገሩ ግን ፊታቸው ላይ የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበረም።

«እውነት ነው?» አለችኝ ሴትየዋ።

«አዎ» አልኩ። ስሜን እንኳ ሳትጠይቀኝ መርፌውን ይዛ ወደ አሳማዎቹ ተመለሰች።